ውኃ ጠጪው መንገድ

ሟቹን ያገኙት አዴ ዱርሲቱ ናቸው። ነሐሴ 2008 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ ቤታቸው የገባውን ጭቃ ጠርገው ሊደፉ በራቸውን ሲከፍቱ ኢንጂነር ሀብተወልድ መንገዱ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አዩት። እኔና ሳጅን ከማል ስንደርስ ነጠላቸውን ሬሳው ላይ ጥለው፣ እሳቸው በቀሚስ ብቻ ቆመው ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ማን ነካው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ። ነፍስ ያለው መስሎኝ ላገላብጠው ሞክሬ ነበር።»

ኢንስፔክተር ተረፈች እባላለሁ። ሰበታ ውስጥ ወንጀል ስመረምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ያመኛል፤ ትዕግሥቴም ከጉልበቴ አይሻልም። በዚያ ዓመት ግን ትዕግሥት የነበረው ሰው ማን ነበር? አዲስ አበባን ወደ ኦሮሚያ ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ሰባት ወር ሆኖት ነበር፤ ያመነ አልነበረም። መንገድ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል። ከአንዱ ለቅሶ ሳንወጣ ሌላው ይተከላል። በዋዜማውም፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ወጣቶች ሰልፍ ወጥተው አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ሲወረወር ነበር።

ሬሳው አጠገብ ከመንገዱ የተነቀሉ ስድስት ድንጋዮች ነበሩ። የአንዱ ጠርዝ ደም ነክቶታል። የሟቹ ማጅራት ላይ ቁስል አለ። ኮማንደሩ በስልክ ይህን ሲሰማ ነገሩ እዚያው አለቀለት። «ሰልፍ፣ ድንጋይ፣ ሬሳ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

እኔን የከነከነኝ የቦታው ነገር ነው። ያ ስድሳ ሜትር መንገድ ሰበታ ውስጥ ስም ያለው ነው። ከላይ ዳገቱ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ቪላ ሠርተዋል፤ ከታች፣ ወደ አስፋልቱ በኩል፣ የነባሮቹ ገበሬዎች ቤቶች አሉ። ዳገቱ እርሻ በነበረበት ጊዜ ዝናቡን አፈሩ ይውጠው ነበር። እርሻው ጣሪያና ሲሚንቶ ሲሆን ውኃው መግቢያ አጥቶ በየክረምቱ የታቹን ሰፈር ያጥለቀልቅ ጀመር። መላ ያመጣው ከላይ የሚኖረው ሀብተወልድ ነው። ሁለቱን ሰፈር የሚያገናኘውን መንገድ ውኃ በሚያሰርግ ንጣፍ ሠራው። ድንጋዩ ያው የምናውቀው ኮብልስቶን ነው፤ ግን በድንጋይና በድንጋይ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተትቶ በንጹሕ ጠጠር ተሞልቷል፤ ከሥሩም አንድ ክንድ ያህል ሻካራ ድንጋይ ተነጥፏል። ዝናቡ በክፍተቱ ይገባል፣ ከሥር ይጠራቀማል፣ ቀስ እያለ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ሰፈርተኛው «ዳጋ ቢሻን ዱጉ»፣ ውኃ የሚጠጣው ድንጋይ፣ አለው። ከተሠራ ወዲህ አንድም ቤት ውኃ ገብቶበት አያውቅም።

አዴ ዱርሲቱ ያን ዕለት ጠዋት የሚጠርጉት ጭቃ ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ነበር። አልጠየቅኩም።

እስከ አራት ሰዓት የአዴ ዱርሲቱ ልጅ ኢብሳ ተይዞ ጣቢያ ገባ። የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ለእረፍት የመጣ። ሐምሌ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ከዚያ መንገድ ድንጋይ ሲነቅል ሀብተወልድ ደርሶበት በሰው ፊት አዋርዶ አባርሮታል፤ እሱም «አንድ ቀን ትጸጸታለህ» ብሎታል። ይህን የሰሙ ሦስት ሰዎች ቃላቸውን ሰጡ። በዚያ ላይ መዳፉ አዲስ ቁስል አለበት።

«ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ቤት። ከእማዬ ጋ ውኃ ስንቀዳ።»

«የምን ውኃ?»

«ጎርፍ ገባብን። በባልዲ እየቀዳን ስንደፋ ነው እጄን ማንጠልጠያው የቆረጠኝ።»

ከማል ቀና ብሎ አየኝ። ከኢብሳ አፍ የወጣው ሰበታ ውስጥ ማንም የማያምነው ነገር ነው። ኮማንደሩ ሲነግሩት ሳቀ። ያ መንገድ ውኃ እንደሚጠጣ ሕፃን ያውቃል፣ ልጁ ውሸት እንኳን አይችልበትም አለ። የእናቱ ምስክርነት ደግሞ የእናት ምስክርነት ነው። ቀጥሎ ሳቁን አቁሞ ቀን ቆረጠልኝ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ከበላይ አካል የሚመጡ ሰዎች ኢብሳን ይረከቡታል፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ካላመጣሁ ፋይሉ ይዘጋል።

በእንደዚያ ዓይነት ሰዎች የተወሰዱ ልጆችን እናቶች አውቃለሁ። ስንቅ ቋጥረው ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ሲዞሩ፣ «እዚህ የለም» ሲባሉ አይቻለሁ። ስለዚህ ያን ዕለት ምሳም አልበላሁ።

ሀብተወልድ ቤት ድንኳን ተተክሎ ነበር። ባለቤቱ ሰናይት አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ባንክ የምትሠራ ሴት ናት። ስታወራ ድምፅዋ አይሰበርም፤ እንባው ግን ዝም ብሎ ይወርዳል። መንገድ በመዘጋቱ ባሏ ለዘጠኝ ቀን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጦ ሰኞ ከዓለም ገና በእግሩ መምጣቱን ነገረችኝ። ዝናቡ አብሮት ገባ። እርጥብ ካልሲውን ሲያወልቅ ስልኩ ጠራ፤ «መጣሁ» አለና ዲጂኖውንና የዝናብ ልብሱን ይዞ ወጣ። በአካባቢው አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ስለነበር እሷ ከልጆቿ ጋር በር ዘግታ ቀረች። ሳይመለስ ሲቀር፣ ጥይት ፈርቶ አንዱ ጎረቤት ያደረ መሰላት። ስልኩ ከኪሱ ሲገኝ ውኃ ገብቶበት ሞቶ ነበር፤ ማን እንደደወለ አታውቅም።

ጠላት ነበረው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አንድ ሰው ብቻ ትዝ አላት። ጉታ የሚባል የቡራዩ ሹፌር፣ ከሱሉልታ ጠጠር የሚያመላልስ። በስልክ ሲጣሉ ሰምታለች። ባሏ «ድንጋዮቼን ልታንቅብኝ ነው?» እያለ ይጮህ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛውን እጅ የሚያስታጥቡት ኦቦ ደቻሳ ነበሩ። በወጣትነታቸው ኮብልስቶን ጠርበዋል፤ መንገዱን ከሀብተወልድ ጋር አንጥፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ጠባቂው እሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ በሽቦ ብሩሽ ክፍተቱን ከአፈር ያጸዳሉ። ልጃቸው ሶያማ ታኅሣሥ ላይ በሰልፉ በጥይት ሞቷል። አሁን ደግሞ ወዳጃቸው። ጆጉን እንደያዙ ቆመው ሲያለቅሱ አይቼ አላናገርኳቸውም።

ረቡዕ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ። የማጅራቱ ቁስል ራሱን ቢያስተው እንጂ አይገድለውም ነበር። ሀብተወልድ የሞተው ውኃ ውስጥ ታፍኖ ነው፤ ሳንባው የጭቃ ውኃ ሞልቶታል። ኮማንደሩ ወንዝ ወስደው አስጥመው መልሰው ጣሉት ማለት ነዋ አለ። ልብሱ ላይ የመጎተት ምልክት የለም ብዬ ብነግረው አልሰማኝም። ውኃ በሚጠጣ መንገድ ላይ ሰው እንዴት ይሰምጣል?

በአየር ጤና ዞረን ቡራዩ ገባን። ጉታ መኪናውን እያጠበ ነበር። ነገሩን ስነግረው ስፖንጁ ከእጁ ወደቀ።

«ተጣልታችሁ ነበር ተባለ» አልኩት።

«አዎ፣ ሰድቦኛል። ጥፋቱም የኔ ነው። ታጥቦ የተበጠረ ጠጠር አምጣ ብሎኝ ደቃቅ ያለበት አሸዋ ጭኜለት ሄድኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ምስጋና ነበር፤ እሱ ግን አንድ አካፋ ሳያስወርድ መለሰኝ። ክፍተቱ ውስጥ ደቃቅ ከገባ መንገዱ ይታነቃል፤ ከታነቀ ደግሞ ከተራ መንገድ ይብሳል አለኝ። ከላይ የሚመጣውን ውኃ ሁሉ አጠራቅሞ ታች ያሉት ላይ ይለቀዋል አለኝ።»

ሰኞ የት እንደነበረ ጠየቅኩት። ሱሉልታ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ከእሑድ እስከ ማክሰኞ መኪናው ውስጥ ቆይቷል። አብረውት የተዘጋባቸውን የአሥራ አንድ ሹፌሮች ስምና ስልክ ሰጠኝ። ከማል አራቱ ጋ ደወለ፤ አራቱም መሰከሩለት። ጉታ ከጉዳዩ ወጣ። እኔ ግን እስከ ሰበታ ድረስ ያቺን «ይታነቃል» የምትለውን ቃል ይዤ መጣሁ።

ከሀብተወልድ ቀብር መልስ ከማልን ሁለት ጀሪካን ውኃ አስያዝኩት። የመጀመሪያውን ላይኛው ጫፍ፣ ሀብተወልድ ደጅ ላይ፣ አስደፋሁት። ውኃው ድንጋዩ ላይ ፍስስ ብሎ ወዲያው ጠፋ። ጫማዬን እንኳን አላራሰውም። አሥር ሜትር ያህል ወርደን ሁለተኛውን ደፋን። ያ ውኃ የትም አልገባም። ድንጋዩ ላይ ተንሸራቶ፣ ፍጥነት ጨምሮ፣ ቁልቁል ወረደና አዴ ዱርሲቱ በር ሥር ተከማቸ።

ተንበርክኬ ክፍተቱን በቁልፍ ጫርኩት። ከላይ ጠጠር ተበትኖበታል። ከጠጠሩ ሥር ግራጫ ነገር አለ፤ በውኃ ቀጥኖ የፈሰሰ ሲሚንቶ። ከማል ጥፍሩን አስገብቶ ሞከረና የባለሙያ እጅ ነው አለ። አንድም ቦታ ድንጋዩ ላይ አልተንጠባጠበም።

ሬሳው የተገኘበትን ቦታ ደግመን አየን። የተነቀሉት ስድስት ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል። ሊወረውር የሚነቅል ሰው አይደረድርም። ጠርዛቸው ላይ ሲሚንቶ ተጣብቋል። ከማል ጭቃውን ሲዝቅ ዲጂኖው ወጣ፤ ሹል ጫፉ በሰባተኛው ድንጋይና በሲሚንቶው መካከል ተሰክቶ ነበር። ያኔ ነገሩ ሁሉ ታየኝ። ሀብተወልድ መንገዱ ታንቆ ጎርፍ ሲሆን አይቷል። ውኃውን ከሥር ላለው ባዶ ለማስገባት ድንጋይ ይነቅላል። ሰባተኛው እምቢ ይለዋል። ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲጫነው እጁ ከዲጂኖው ያመልጣል፤ ወደኋላ ሄዶ ራሱ የደረደረው ድንጋይ ላይ በማጅራቱ ይወድቃል። ራሱን ስቶ ተገላብጦ ፊቱ ጎርፉ ውስጥ ይገባል። አንድ ስንዝር ውኃ ለዚህ ይበቃል።

አዴ ዱርሲቱ በራቸው ላይ ሆነው ያዩን ነበር። ሄጄ ልጃቸው እንዳልዋሸ ነገርኳቸው። ያኔ የበራቸው ደፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ የደወልኩለት» አሉ። «ውኃው አልጋዬ ደርሶ ነበር። ድረስልኝ አልኩት። ለፖሊስ ብናገር ጠርታ አስገደለችው ብለው በልጄ ላይ ይጨምሩበታል ብዬ ዝም አልኩ። ኢብሳ ከጓሮ፣ እኔ ከውስጥ ስንቀዳ ነበርን። እሱ ደጄ ላይ ሲሞት አልሰማሁም።»

ትከሻቸውን ይዤ ትንሽ ተቀመጥኩ።

አሁን የቀረው የሲሚንቶው ባለቤት ነው። መንገድ በመዘጋቱ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ሰበታ ሲሚንቶ አልገባም፤ ሱቆቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ከማል ሰፈሩን ሲጠይቅ አመሸና ሐሙስ ጠዋት የሚከብድ ወሬ ይዞ መጣ። በታቹ ሰፈር ሲሚንቶ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። እድሩ ለሶያማ መቃብር ማሠሪያ ያዋጣው አሥር ኩንታል፣ ኦቦ ደቻሳ ቤት። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መቃብሩን አየሁት። ስምንት ወር ሙሉ ያው አፈር ነው፤ ዙሪያውን ሣር በቅሎበታል።

ኦቦ ደቻሳን ከድንኳኑ አስጠርቼ መንገዱ ላይ ወሰድኳቸው። እንዲቀመጡ ድንጋይ አሳየኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«ኦቦ ደቻሳ፣ የሶያማ መቃብር ሲሚንቶ የት ገባ?»

በከዘራቸው መንገዱን ነካ አደረጉት። «እዚህ።»

«ለምን?»

«ሶያማ የሞተ ዕለት እጁ ላይ ድንጋይ ነበር። ከዚሁ መንገድ የነቀለው ነው። ጣቶቹን አንድ ባንድ ዘርግቼ ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩን አወቅኩት፤ የጠረብኩት እኔ ነኛ። አምጥቼ ቦታው መለስኩት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ክረምቱ ላይ ልጆቹ እንደገና መንቀል ጀመሩ። ኢብሳ፣ ጓደኞቹ፣ ሁሉም። ሲነቅሉ ዝም ብዬ ልይ? ድንጋይ የያዘ ልጅ ይተኮስበታል። ድንጋይ ካጣ ቤቱ ይገባል አልኩ። ኢንጂነሩ አዲስ አበባ እያለ ደፈንኩት፤ ያየኝ ሰው እንደ ወትሮው ክፍተቱን የምጠርግ መሰለው። እንዳያዝንብኝ ደጁ ላይ ያለውን ተውኩለት።»

«ውኃው መግቢያ እንደሚያጣ አላወቁም?»

«ክፍተቱን የምጠርግ ሰው እንዴት አላውቅም? ውኃ ቤት ያበላሻል፤ ቤት ደግሞ ይጠገናል። ዝናቡም ሊያባራ ነው ብዬ አሰብኩ።»

«ለእሱ ለምን አልነገሩትም?»

«በስልክ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል እንዴ፣ ልጄ? በዚህ ጊዜ?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን እንቆቅልሽ ሆኖብኛል። በድንጋይ ገደሉት ሲሉኝ፣ ያንን ሁሉ ደፍኜ ከየት ነቀሉ እያልኩ ሁለት ቀን አልበላሁም።»

አለማወቃቸውን ያኔ ተረዳሁ። ለብዙ ሰው መርዶ ነግሬያለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ የለም። ስለ ዲጂኖው፣ ስለ ሰባተኛው ድንጋይ፣ ስለ ሳንባው ነገርኳቸው። እየሰሙ ሳለ ያልተቀመጡባት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። የኢብሳን ነገር፣ የስምንት ሰዓቱንም ጉዳይ ስጨምርላቸው ግን ብድግ አሉ።

«ወረቀትሽ የት አለ?» አሉ። «እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ። ቶሎ ጻፊ።»

ቃላቸውን ጣቢያ ተቀበልኩ፤ ፈረሙ። ኮማንደሩ የሐኪሙን ማስረጃ፣ የዲጂኖውን ፎቶና የሽማግሌውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበ። ያሰበው አልነበረም፤ ግን መንገዱ ላይ ወስጄ ውኃ ደፍቼ አሳየሁት። ተመልሶ በቸልተኝነት ሰው መግደል ብሎ ጻፈበትና የኢብሳን መፍቻ ፈረመ። ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። አዴ ዱርሲቱ ልጃቸው ሲወጣ መጀመሪያ ያደረጉት መዳፉን ገልብጠው ቁስሉን ማየት ነው። ኢብሳ የማን ቃል እንዳስፈታው ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ጣቢያው ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ኦቦ ደቻሳ ከመታሰራቸው በፊት አንድ ነገር ለመኑኝ። ለቅሶው ቤት ደርሼ ልምጣ አሉ። ደንቡ አይፈቅድም፤ ወሰድኳቸው።

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ግን አልገቡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከመንገዱ ማዶ መሬት ላይ ተቀመጡ። በኦሮሞ ወግ የሰው ደም እጁ ላይ ያለ ሰው፣ ጉማ የሚባለው የደም ዕርቅ እስኪፈጸም ድረስ፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር አይቀመጥም፤ እህል ውኃ አብሮ አይቀምስም። እሳቸው ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ድንኳን ቆመው ሰው አስታጥበዋል። እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ደጋግመው ሲጠርጉ አየሁ።

ሰናይት ይህን ወግ አታውቅም። አንድ ሽማግሌ፣ የባሏ ወዳጅ፣ ከሰው ተለይቶ ብርድ ላይ መቀመጡን ብቻ ነው ያየችው። ሳህን ላይ ምግብ አድርጋ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ምነው ውጭ ተቀመጡ? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም እኮ።»

እጃቸውን አልዘረጉም። ቀና ብለው አዩኝና «ኢቲ ሂሚ» አሉኝ በኦሮምኛ። ንገሪያት።

ነገርኳት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳላሳጥር። ሳህኑን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ፊት በርከክ አለች።

«ሀብቴ ከሶያማ ቀብር ሲመለስ፣ ያን መንገድ እጄን በቆረጠውና ባልሠራሁት ብሎኝ ነበር» አለች። «ምነው ቢነግሩት። አብሮዎት ይደፍነው ነበር።»

ኦቦ ደቻሳ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ከማል ሰዓቱን አይቶ አየኝ። ጣቢያ የምንገባበት ሰዓት እንዳለፈ አውቄያለሁ፤ ግን እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።